የሳዑዲ ነዳጅና የይፋት ማሳ

በይፋት ቆላ የመግሪብ አዛን ሲሰማ በየቤቱ ሁለት ነገሮች ወደ ማዕዱ ይቀርባሉ፤ የቴምሩ ሳህንና የእጅ ስልኩ። ቴምሩ ጾሙን ለማፍጠር ነው። ስልኩ ደግሞ ዓረብ ሀገር ያለችው ልጅ ልትደውል ስለምትችል ነው።

በዚህ የረመዳን ወር ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ የቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ስንዘዋወር ይህን ደጋግመን አይተናል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው መንገዱ። ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ያለው የጣርማ በር ብርድ ከኋላ ይቀራል፤ ደብረ ሲናንና አርማኒያን አልፎ እየተጠማዘዘ የሚወርደው አስፋልት ከቆላው ሙቀት ያደርሳል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ገበሬዎች ከማሳቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ አግኝተናቸዋል። ከእነሱ አንዱ ወደ ቤታቸው ጋበዙንና አመሻሹን ከቤተሰቡ ጋር አሳለፍን።

ጅዳ ያለችው የቤቱ ልጅ የደወለችው ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ነበር። እናት ከሁሉ አስቀድመው አፈጠርሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አሁን ገና ነው እማዬ፣ አለች። እነሱም አሁን ገና ማፍጠራቸው ነበር። ለሰሚው ይገርም ይሆናል እንጂ ምክንያት አለው። ጅዳና ሸዋ ሮቢት በካርታ ላይ በሰሜንና በደቡብ ይራራቁ እንጂ በምሥራቅና በምዕራብ ሲለኩ አንዱ ከሌላው ብዙም አያልፍም። በመካከላቸው ከ1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድረ በዳና ባሕር አለ፤ ፀሐይ ግን በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ትጠልቅባቸዋለች። ሪያድ ያለ ሰው ከእነሱ ወደ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ያፈጥራል።

ከስልኩ በኋላ እናትየው ቤታቸውን እያሳዩ ነገሩን። ከማዕዱ ላይ የቤቱ ምርት የሆነው የማሽላው እንጀራና አብሹ ብቻ ነው። ቴምሩ፣ የሳምቡሳው ዱቄትና የተጠበሰበት ዘይት ከገበያ የተገዛው በልጅቱ ገንዘብ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ የእሷ ነው። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ወጪም የተሸፈነው በእሷ ነው። ዘንድሮ ለዒድ የሚገዛው ልብስም ከዚያው ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።

እኛም የሪያሉን መንገድ ወደ ኋላ ለመከተል ሞከርን። የልጅቱን ደመወዝ የሚከፍለው የአሠሪዋ ቤተሰብ ነው። የሳዑዲ ዜጋ ለረጅም ዘመን እንጀራውን ያገኘው በአብዛኛው ከመንግሥት ቤት ነው። መንግሥቱ ደግሞ ደመወዙን የሚከፍለው ከምንም በላይ ከነዳጅ ሽያጭ ነው። እንግዲህ በሀገሪቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከምድር የሚወጣው በርሜል በብዙ እጅ ተላልፎ ቀወት ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ይፋት ውስጥ አንድም የነዳጅ ጉድጓድ የለም፤ በነዳጅ ገቢ የሚኖር ቤት ግን ሞልቷል።

የነዳጁ ባለቤት ራሱ ከነዳጅ ጥገኝነት ልውጣ ብሎ መንግሥቱንም፣ ግብሩንም፣ የሠራተኛ ሕጉንም መለወጥ ከጀመረ አሥር ዓመት ሆነው። ያ ለውጥ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ለተቀመጡት ሰዎች ምን ያመጣባቸዋል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከሐጃጅ ገቢ ወደ በርሜል

ሳዑዲ ዓረቢያ ሁልጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.አ.አ በ1932 መንግሥታቸውን በዚህ ስም ሲያውጁ የግምጃ ቤታቸው ትልቁ ገቢ ከሐጃጆች የሚሰበሰበው ክፍያ ነበር። በዚያው ሰሞን የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ስለነበር ከሕንድ፣ ከጃቫና ከግብፅ የሚመጣው ሐጃጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። መካና መዲና የሚገኙባት ሀገር የምታስተናግደው እንግዳ አጣች፤ መንግሥቱም ዕዳ ውስጥ ገባ። ንጉሡ እ.አ.አ በሜይ 1933 ከካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል የተፈራረሙት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ነው። ኩባንያው ጉድጓድ እየቆፈረ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ዳማም ቁጥር 7 የሚባለው ጉድጓድ በማርች 1938 ለሽያጭ የሚበቃ ነዳጅ ሰጠ። የሰላጤው ጎረቤቶች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ኩዌትና ባሕሬን ከነዳጅ በፊት በዕንቁ ይኖሩ ነበር፤ ጃፓኖች ዕንቁ ማርባት ሲችሉና የዓለም ገበያ ሲቀዘቅዝ ጠላቂዎቹ ሥራ ፈትተው ቀሩ።

ስለዚህ በአንድ ገቢ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሆነ ዓረቦቹ ያወቁት በነዳጅ አይደለም። ነዳጁ የለወጠው የመንግሥትንና የሕዝብን ግንኙነት ነው። ነዳጅ የሚሸጥ መንግሥት ከሕዝቡ ግብር አይፈልግም። ግብር የማይከፍል ሕዝብ ደግሞ ገንዘቤ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅበት በር ጠባብ ነው። መንግሥት ሥራ ይሰጣል፣ ውኃና መብራት በርካሽ ያቀርባል፣ ዜጋውም ዝም ብሎ ይኖራል። አቧራ የሚበዛበትን የግንባታውን፣ የወጥ ቤቱንና የእረኝነቱን ሥራ ከውጭ የመጣ ሰው ይሠራዋል። እ.አ.አ በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሳዑዲ ውስጥ ከሚኖሩት 32 ሚሊዮን ሰዎች ከመቶ 41 በላይ የሚሆኑት የውጭ ዜጎች ነበሩ። የእኛ ቤተሰብ ልጅም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ይህ ስምምነት የሚጸናው የበርሜሉ ዋጋ እስከጸና ድረስ ነው። እ.አ.አ በ1980 በቀን ወደ 10 ሚሊዮን በርሜል የሚጠጋ ታወጣ የነበረችው ሳዑዲ ገበያው ሲቀዘቅዝ በ1985 ከ4 ሚሊዮን በታች አውጥታለች። ዋጋ ወደ ላይ ሲዘልም ዙፋን እንደሚነቀነቅ ደግሞ እኛው ኢትዮጵያውያን ምስክር ነን። እ.አ.አ በኦክቶበር 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጥለው ዋጋው በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ተወደደ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወታደሩ የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ተነሱ፤ ጎረቤታችን ወሎም በረሃብ ተመትቶ ነበር። መስከረም 1967 ዓ.ም. ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻ አመጣው ማለታችን አይደለም፤ ክብሪቱ ግን ከሰላጤው ማዶ መምጣቱን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ዋጋው ሲወርድ

እ.አ.አ በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በጃንዋሪ 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የሳዑዲ መንግሥት በ2015 ብቻ 367 ቢሊዮን ሪያል የበጀት ጉድለት ገጠመው። ንጉሥ ሰልማን ዙፋኑን የወረሱት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በኤፕሪል 2016 ልጃቸው መሐመድ ቢን ሰልማን ‹‹ራዕይ 2030›› የተባለውን ዕቅድ ይዘው ቀረቡ፤ በዓመቱም አልጋ ወራሽ ሆኑ።

የዕቅዱ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሀገሪቱ ከነዳጅ ውጭ መኖር ትማር የሚል ነው። ከነዳጅ ውጭ ያለውን የመንግሥት ገቢ ወደ 1 ትሪሊዮን ሪያል ማሳደግ፣ በሥራ ላይ ያሉ ሴቶችን ድርሻ ከ22 በመቶ ወደ 30 በመቶ ማድረስ፣ በዓመት 8 ሚሊዮን የነበረውን የዑምራ እንግዳ የማስተናገድ አቅም ወደ 30 ሚሊዮን ማድረስ ከግቦቹ መካከል ናቸው። የመጨረሻውን ልብ ላለው ሰው ነገሩ ክብ ነው፤ ሐጃጅ ሲጠፋ ወደ ነዳጅ የሄደው መንግሥት ነዳጅ ሲዋዥቅ እንደገና ወደ እንግዳው ዞሯል። በዚህ የረመዳን ወር መካን የሚያጨናንቀው ሕዝብ ለሃይማኖቱ ዒባዳ ሲፈጽም ለሀገሪቱ ደግሞ ከነዳጅ ውጭ የሆነ ገቢ ነው።

ግብርም መጣ። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጣለ፤ በጁላይ 2020 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። ቤተሰቡን ይዞ በሚኖር የውጭ ሠራተኛ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል መከፈል የተጀመረው በጁላይ 2017 ሲሆን በየዓመቱ እየጨመረ 400 ደረሰ። ሱቅ ከፍተው፣ ልጆች ወልደው ለዓመታት የኖሩ ብዙ የውጭ ዜጎች በዚያ ሰሞን ቤተሰባቸውን ወደየሀገራቸው መልሰዋል። ሴቶች መኪና መንዳት የጀመሩት በጁን 2018 ነው፤ ሲኒማ ቤት የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። የነዳጁ ኩባንያ አራምኮ በዲሴምበር 2019 አክሲዮኑን ለገበያ አቅርቦ ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል።

ግብር ሲመጣ የሕዝብ ድምፅ ይከተላል የሚል የቆየ አባባል አለ። በሳዑዲ እስካሁን የታየው ግን እንዲያ አይደለም። በኖቬምበር 2017 ልዑላንና ታላላቅ ባለሀብቶች ሪያድ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተይዘው ቆይተው ብዙዎቹ ሀብታቸውን እያስረከቡ ወጡ። ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ከቀድሞው ይበልጥ ተሰብስቧል። ኑሮው ሲከፈት ፖለቲካው ጠብቧል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ከነዳጅ መላቀቁም ቢሆን ገና ነው፤ ዛሬም ከመንግሥቱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጅ የሚገኝ ነው።

የወንዱ በርና የሴቷ በር

ይፋት የዚህን ለውጥ መምጣት የሰማችው ከራዕዩ አስቀድማ ነው። ሳዑዲ ሥራ ለዜጎቿ እንዲደርስ በ2011 ‹‹ኒጣቃት›› የተባለውን የኮታ ሥርዓት አውጥታ፣ በኖቬምበር 2013 ሰነድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች በጅምላ ማባረር ጀመረች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ህዳር 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ያኔ ቦሌ የነበረውን ሁኔታ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ለዓመታት ደክመው በአንድ ፌስታል የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ለደላላ የተበደሩትን ሳይከፍሉ የመጡትም ብዙ ናቸው። መንግሥት ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር ወደ ዓረብ ሀገራት ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። እገዳው የዘጋው ግን የቦሌን በር ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደሄዱ የአፋር ምድር ይጀምራል፤ በዚያ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚወስደው መንገድ አልተዘጋም። የመን ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ እንኳ አልቆመም።

በዚያ መንገድ የሚሞተው በአብዛኛው ወንዱ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም፤ ሴቶቹም ግን አሉበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ሲል አስተባብሏል። እኛ ያገኘናቸው ቤተሰቦች ሪፖርቱን አላነበቡም፤ ከየቀበሌው ማን ሄዶ ድምፁ እንደጠፋ ግን ሳይቆጥሩ ያውቃሉ።

የሴቷ በር ግን የተለየ ታሪክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በሕጋዊ መንገድ፣ ሠልጥኖና የብቃት ማረጋገጫ ይዞ መሄድ ከተፈቀደ ወዲህ አብዛኛውን ዕድል ያገኙት የቤት ሠራተኞች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ራዕዩ ሲታወጅ የሳዑዲ ሴቶች የሥራ ድርሻ በ2030 ይደርሳል የተባለበት 30 በመቶ ዓመቱ ሳይደርስ ታልፏል። እናት ቢሮ ስትገባ ልጅ የሚጠብቅ፣ ቤት የሚያጸዳ፣ ሽማግሌ የሚጦር ሰው ይፈለጋል። የሳዑዲ ሴቶች ወደ ቢሮ በገቡ ቁጥር የይፋት ሴቶች ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ። በማርች 2021 ሥራ ላይ የዋለው ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የ‹‹ከፊል›› ሥርዓት ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ስለዚህ የነዳጅ ሀገሩ ለውጥ ለይፋት ወንዶች በሩን እያጠበበ፣ ለሴቶቹ ደግሞ ያንኑ የድሮውን በር ክፍት አድርጎ አቆይቷል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን የመመለስ ሥራ ሲጀመር በየማቆያው ሲማቅቁ የነበሩ ብዙ ወጣቶች ከአውሮፕላን ሲወርዱ አይተናል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር እንበል። ለቤት ሠራተኛ በብዛት የሚነገረው ደመወዝ በወር 1 ሺህ ሪያል ነው። ሪያል ከ1986 ጀምሮ በዶላር 3.75 ሆኖ ታስሯል፤ አይወጣም አይወርድም። ብር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ልጅቱ ያንኑ ሥራ ያንኑ ያህል ሰዓት እየሠራች የላከችው 1 ሺህ ሪያል ከ15 ሺህ ብር ገደማ ተነስቶ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ይህ እንደ በረከት ተቆጥሯል። አባትየው ግን ሌላውን ጎኑን ያውቁታል፤ የናፍጣውም፣ የማዳበሪያውም፣ የቆርቆሮውም ዋጋ በዚያው አብሮ ወጥቷል።

የቅፍለቱ መንገድ

ይፋት በአንድ መንገድ መኖርንም፣ መንገዱ ሲዘጋ የሚሆነውንም ከማንም ቀድማ ታውቃለች። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሸዋን ሱልጣኔት አስገብሮ የይፋትን ሱልጣኔት ሲያቆም ትልቁ ሀብቱ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የቅፍለት መንገድ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዓረባዊው አል ዑመሪ የይፋት ሰዎች በግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይገበያዩ እንደነበር መዝግቧል። የሪያሉ አያት ልንለው እንችላለን። ይህን መንገድ ለመቆጣጠር ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ ብዙ ደም ፈስሷል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ተገድለው የሱልጣኔቱ ዘመን አበቃ። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቁ እነ ኖራ ያሉ የድንጋይ ከተሞችና የመስጊዶች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል።

መንገዱ ግን ከሱልጣኔቱ በኋላም ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአንኮበሩ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከባሕር የሚመጣውን ዕቃ የሚቀበሉት በአሊዩ አምባ ገበያ ነበር፤ ነጋዴዎቹም በብዛት አርጎባዎች ናቸው። ከዚያ የምኒልክ ዙፋን ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሄደ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እ.አ.አ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የቅፍለቱ መንገድ ሞተ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ነው የሞተው። አሊዩ አምባ ትልቅ ገበያ መሆኗ ቀረ። አርጎባዎች በሽመናቸውና በተራራ ወገብ ላይ በድንጋይ ካብ በሚያርሱት እርከን ኖሩ። እርከኑን የሠሩት ግን መንገዱ ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ቅፍለቱ እያለም ያርሱ፣ ይሸምኑም ነበር።

የማሾው ማሳ

ዛሬ በቆላው ምን አለ? ሸዋ ሮቢት ለብዙ ጊዜ የምትታወቀው በትምባሆ እርሻዋ ነበር። ዛሬ መንገድ ዳር ተከምሮ የሚታየው ሽንኩርት ነው። የሮቢ፣ የጀውሃና የሌሎችም ወንዞች ውኃ በመስኖ የሚደርስበት ማሳ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያመርታል። ሽንኩርት ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ሁሉም ገበሬ በአንድ ወር ሲያነሳው ዋጋው ይወድቃል፣ ለማቆየት ቢሞክሩ ይበሰብሳል። በአንድ ሰብል መመካት በርሜልም ይሁን ሽንኩርት ያው ነው።

ማሾ ከዚህ ይሻላል። በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርስ፣ ጥቂት ዝናብ የሚበቃው፣ ደርቆ የሚቀመጥ ጥራጥሬ ነው። መሬቱንም ያዳብራል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ተገበያይቶ ወደ እስያ ይላካል፤ ዶላር ያመጣል ማለት ነው። ልጅ ሳይሄድ ዶላር የሚመጣበት መንገድ መሆኑን ለአባትየው ስንነግራቸው ሳቁ። እሳቸው ማሾ የሚዘሩት ለዶላሩ ብለው አይደለም፤ ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ሲከሽፍ ዓመቱን የሚያድንላቸው እሱ ስለሆነ ነው።

በሪያል ገንዘብ የውኃ ሞተር ገዝተው ማሳቸውን የለወጡ ቤተሰቦች እንዳሉ ሰምተናል፤ አይተናልም። ከእነሱ ይልቅ የሚበዙት ግን ገንዘቡን ከተማ ላይ ቤት የሠሩበት ናቸው። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ልንተች ዳድቶን ነበር። ከአዲስ አበባ ወርዶ ገበሬን መምከር ቀላል ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የደረሰው ግጭትና ጦርነት ከብቱንም፣ ጎተራውንም፣ ሞተሩንም ከብዙ ሰው ወስዷል። የጸጥታው ነገር ዛሬም ቢሆን ልብ አያሳርፍም። ንብረቱን የሚያጣ ሰው መልሶ ለመጀመር የሚያስችለውን ነገር ይፈልጋል፤ ባሕር ማዶ ያለችውን ልጅ የሚነካባቸው የለም።

የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። በአማራ ክልል ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ አልተካሄደም። ከዚያ በኋላ የተወለደ ወጣት ያለው አማራጭ ከአባቱ ማሳ ላይ መቆረስ፣ መከራየት ወይም መሄድ ነው። በጋበዙን ቤት ያለው የ19 ዓመቱ ታናሽ ወንድም እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ውጤቱ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስገባውም። ጓደኞቹ በአፋር በኩል ሄደዋል። ደላላው ደውሎለታል፤ ክፍያውን እዚያ ስትደርስ ነው ብሎታል። ይህ ‹‹እዚያ ስትደርስ›› የሚባለው የመን ውስጥ ቤት ተዘግቶበት ቤተሰብ በስልክ ጩኸት እየሰማ የሚከፈልበት መሆኑን ያልሰማ የይፋት ወጣት የለም። እሱም ሰምቷል። ግን ደግሞ የደረሱትንም አይቷል።

የእህቱ ኮንትራት ከዐረፋ በኋላ ያልቃል። ያጠራቀመችው ገንዘብ አንድ ነገር ይበቃል፤ ሁለት አይበቃም። አባት የውኃ ሞተር ይገዛ ይላሉ፤ ከወንዙ ዳር ያላቸውን ሁለት ጥማድ በመስኖ አርሶ ልጁ በእኩል እንዲያመርት ሐሳብ አላቸው። ልጁ የናፍጣውን ዋጋ እያነሳ ይከራከራል፤ ነዳጅ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ድጎማው በየጊዜው ሲነሳ እየተወደደ መምጣቱን ሁሉም ያውቀዋል። የጅዳው በርሜል በዚህም በኩል ከቤታቸው ገብቷል። ማሳው የአባቱ እንጂ የእሱ እንዳልሆነም ሳይጠቅስ አያልፍም። አባትየው ለዚህ የሚመልሱት የላቸውም፤ ዝም ይላሉ። እናት ስለ ሞተሩም ስለ ጉዞውም ምንም አላሉንም። ልጅቱ በበኩሏ ያን ምሽት በስልክ ተናግራለች። በጀልባ ከሄደ አንድ ሪያል አልልክም አለች። ሞተሩ ከሆነ እልካለሁ፤ ወረቀቱ ግን በአባዬ ስም ብቻ እንዳይሆን፣ የወንድሜም ስም ይግባበት አለች። የራሷን ስም አላነሳችም። ስሟ ይግባ ወይ ብለን ጠይቀን ነበር፤ የመለሰልን የለም።

ኢሻውም ተሰገደ፤ ወንዶቹ ለተራዊሕ ወደ መስጊድ ሄዱ። እናት በጓዳ ለዒድ ዋዜማ የሚወጣውን የዘካተል ፊጥር እህል እየሰፈሩ ነበር። ዘካው የሚወጣው ቤቱ ከሚመገበው እህል ነውና ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል እየተሰፈረ የተቀመጠው ማሽላ ነው፤ ከራሳቸው ማሳ የመጣ ነው። የጅዳዋን ልጅ ድርሻም ጨምረው ሰፈሩ። እሷ እዚያ ራሷ ታወጣ ይሆናል ስንላቸው፣ ብታወጣም ባታወጣም እዚህ ያለችው ከእኛ ጋር ናት አሉን። ስለ ሞተሩ ጉዳይ ስንሰነባበት አባትየውን ጠየቅናቸው። ከዒድ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ አሉ።